የአያ በላቸው «ነገር ግን»

ከኮሶዬ እስከ ዳባት፣ ከዚያም ሊማሊሞን ወርዶ እስከ አዲ አርቃይ ድረስ፣ ነገር የገጠመው ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «አያ በላቸው ለጥብቅና ተይዟል ወይስ አልተያዘም?» ባላጋራው ቀድሞ ከያዘው እንግዲህ ምን ክርክር አለ! ሽማግሌ ልኮ መታረቅ ነው እንጂ። አንዳንዱማ ክሱን እዚያው ትቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ታዲያ ይህ ሰው ፊደል አልቆጠረም። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁም ቀጭን ነው። ሌላው ተከራካሪ ገና «ተጠየቅ!» ሲል የአንገቱ ሥር ይገታተራል፣ ይዘላል፣ መሬቱን በዘንግ ይደበድባል። አያ በላቸው እቴ! ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን በቀኙ ተክሎ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ማመን ነው። የባላጋራውን ነገር አንድ በአንድ እያነሳ፣ ባለቤቱ ከተናገረው ይልቅ አሳምሮ እየተናገረ፣ «ይሁን ልበልህ» ይለዋል።

አንድ ጊዜ አንድ የዳባት ሰው «በሬህ ላሜን ወግቶ ገደለብኝ» ብሎ አንድ የኮሶዬ ድሃ ከሰሰ። አያ በላቸው ለድሃው ቆመ። «ይሁን ልበልህ፣ በሬው የእኛ ነው። ይሁን፣ ቀንዱ ስል ነው። ይሁን፣ ላሚቱ ሸጋ ላም ነበረች። ይሁን፣ አየሁ ያለው ልጅህ ነው፤ ልጅህ ግን አይዋሽም፣ ቃሉን እንዳለ ተቀብያለሁ።» የከሳሽ ዘመዶች መሳቅ ጀመሩ። ድሃው ራሱን ያዘ። ያኔ አያ በላቸው ዘንጉን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረና «ነገር ግን» አለ። አለና ዝም ብሎ ቆየ። «ልጅህ ‹በሬውን ከበረታችን ስፈታው ወጋት› ብሏል። ከበረታችን! ለእርሻ ተውሰህ ወስደኸው፣ በአንተ በረት አድሮ፣ የአንተን ገለባ በልቶ፣ በአንተ ልጅ እጅ ሳለ ነው የወጋት። ላምህን የገደላት ጠባቂው ነው። እኔ ልጅህ አይዋሽም ብያለሁ፤ አንተስ ምን ትላለህ?» አለቀ። ሰውዬው ልጁን ይካድ ወይስ ላሙን ይርሳ? ላሙን ረሳ።

ያቺን «ነገር ግን» ደግሞ አስቀድሞ ለማንም አይናገራትም። ለቆመለት ሰው እንኳ አይናገርም። ሰውዬው እያለቀሰ ቢለምነው «አንተ ከሰማህ ፊትህ ይናገራል፤ ባላጋራህ ከፊትህ ላይ ያነበዋል» ብሎ ይመልሰዋል። ይህ የእሱ ብቻ ሥርዓት አልነበረም። የዱሮ ተከራካሪ ሁሉ ምላሹን በሆዱ ይዞ ነው ችሎት የሚቆመው። ቀድሞ ምላሹን ያሳየ ሰው ጦሩን ለባላጋራው አቀበለ ይባላል።

አላምረው የአያ በላቸው እህት የእናኑ ልጅ ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ሞቶበት አጎቱ አሳደገው፤ ጎንደር አስገብቶ ያስተማረውም አጎቱ ነው። አሁን በሃያ ስምንት ዓመቱ ከፒያሳ በታች ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ አማርኛና ታሪክ ያስተምራል። ደግ ልጅ ነው፤ አልዋሽም። ብቻ አንድ ጠባይ አለችው፦ እሱ ያወቃትን ነገር ሰው ካላወቀለት እንቅልፍ አይወስደውም።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከአንድ ህንዳዊ የሥራ ባልደረባው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተውሶ ስለ ጥንታዊት ቻይና አነበበ። አንብቦም አላረፈ፤ ለትምህርት ቤቱ የክርክር ክበብ «በጥንታዊት ቻይና የክርክር ድርሰት አጀማመር» የሚል ንግግር ላሰማ ብሎ ርዕሱን አስመዘገበ። የቻይና ነገር ከኮሶዬ ልጅ ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ያገናኘው አያ በላቸው ነው። እነዚያ የጥንት ሰዎች በየነገሥታቱ ፊት ቆመው ሲከራከሩ ባነበበ ቁጥር አጎቱ ከነዘንጉ ይመጣበታል። በዚህም ደስ ይለው ነበር።

በኅዳር አያ በላቸው በጭነት ማኪና ተሳፍሮ ጎንደር ገባ። ከኩታው ጫፍ ቋጥሮ ያመጣውን ወረቀት ፈታና ገና ሳይቀመጥ ለአላምረው ሰጠው።

«አንብብልኝ እስቲ። የሻው ከሰሰኝ» አለ።

ባላምባራስ የሻው የኮሶዬ ጎረቤታቸው ነው። ክሱም ይህ ነበር፤ «ከኮሶው ዛፍ ሥር ያለውን መሬት የበላቸው አባት በጣልያን ጊዜ ለአባቴ በፈቃዱ ሰጥቶታል፤ በላቸው ያለ አግባብ ይዞታልና ይልቀቅልኝ።» ከኮሶው ሥር ያለው መሬት ማለት ገብሱም ባቄላውም የሚበቅልበት፣ ቤታቸውም የቆመበት ነው። ከእሱ ሌላ አያ በላቸውና እናኑ ያላቸው ድንጋይና ገደል ነው። ያ መሬት ከሄደ ሁለት ሽማግሌዎች በእርጅናቸው የሰው ደጅ ሊጠኑ ነው።

አላምረው አንብቦ ሲጨርስ «መከላከያዎን እስከ ታኅሣሥ አሥር በጽሑፍ ያቅርቡ ይላል» አለው።

«በጽሑፍ? የምናገረውን?»

«አዎ አያ። አዲስ ሕግ ወጥቷል። አሁን መጀመሪያ በጽሑፍ ነው።»

«ምነው፣ አፌ ምን ሆነ?» አለ አያ በላቸው። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ቀልዱ ግን አልወጣለትም። በዕድሜው ሙሉ ፈርቶ የማያውቀው ሰው ያን ቀን ወረቀት ፈራ።

አላምረውን አሳዘነው። ላባብለው ብሎ ያነበበውን ማጫወት ጀመረ። «ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት፣ አያ፣ ቻይና ለብዙ ነገሥታት ተከፋፍላ በምትዋጋበት ዘመን፣ ከአንዱ ንጉሥ ግቢ ወደ ሌላው እየዞሩ በአፋቸው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ‹ጦርነት ይቅር› ይላል፤ ሌላው ‹አይቀርም› ይላል። መጀመሪያ ማንም አልጻፈውም። ከዚያ ደቀ መዛሙርቱ የመምህራቸውን አጫጭር ቃል መጻፍ ጀመሩ። ቀጥሎ ጥያቄውን ከነመልሱ። እየቆየ ደግሞ የባላጋራን ሐሳብ ሙሉውን አስቀምጦ፣ እየጠቀሰ የሚያፈርስ ረጅም ድርሰት ተወለደ።»

«የባላጋራውን ቃል ቀድሞ ይናገርለታል?»

«ይናገርለታል።»

«‹ይሁን ልበልህ› ይላል?»

«ይላል አያ፤ በቋንቋው።»

አያ በላቸው ጭኑን መታ። «እነዚህስ የእኛው ሰዎች ናቸው!»

«አንዱማ ‹ነጭ ፈረስ ፈረስ አይደለም› ብሎ ይከራከር ነበር።»

«ኬላ ላይ ሲደርስ ለፈረሱ ቀረጥ ይከፍላል?»

አላምረው ትንሽ አሰበ። «ይከፍላል መሰለኝ።»

«እንግዲያው ተረታ!» አለ አያ በላቸው፤ ተሳሳቁ። ወረቀቱም ለጊዜው ተረሳ።

«ሌላው ደግሞ» አለ አላምረው፣ ሳቁ ሳያልቅለት፣ «የጻፈው አምስት ጋሪ ይሞላ ነበር ይባላል። ሁሉም ጠፋ። አሁን ያለን፣ ወዳጁም ባላጋራውም የነበረ አንድ ሰው ስለ እሱ የጻፈው ብቻ ነው።»

አያ በላቸው ሳቁን አቆመ። «በባላጋራ አፍ ቀረ በለኛ» አለ። «ምነው፣ የሚያስብለት ዘመድ አልነበረውም?»

«እንጃ አያ።»

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ከቁርስ በኋላ አያ በላቸው ቆሞ፣ አላምረው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ መከላከያው መጻፍ ጀመረ። እንዲያ ያለ ቀን አላምረው በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። አጎቱ አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ በሩ እየተንጎራደደ ይናገራል፤ እሱ ይጽፋል። የወጣው ቃል ይህ ነው፤

«ይሁን ልበልህ የሻው፣ አባቴ ከኮሶው ሥር ያለውን መሬት ለአባትህ ሰጥቶታል። ይሁን፣ የሰጠውም በወደደ በፈቀደ እንጂ ማንም አስገድዶት አይደለም። ይሁን፣ ጠላት አገሩን በያዘ ጊዜ፣ ጎታችን በተቃጠለበት ዓመት፣ አባትህ ከጎታው ሰፍሮ ልጆቹን አብልቶለታል፤ ከእነዚያ ልጆች አንዱ እኔ ነኝ፤ የበላሁትን እህል አልክድም። ይሁን፣ ሲሰጥ ጎልማሳ ሆኜ ቆሜ አይቻለሁ፤ አይቼም ዝም ብያለሁ፤ የልጅ ዝምታ በአባቱ ቃል ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም። ይሁን፣ የአባት ቃል በልጅ አይፈርስም።»

እዚህ ላይ ቆመ። ዘንጉን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ። አላምረው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ጠበቀ።

«አበቃ» አለ አያ በላቸው።

«እንዴ! ‹ነገር ግን›ስ?»

«እሷ የቃል ናት። ችሎት ቆሜ ነው የምናገራት።»

«አያ፣ አዲሱ ሕግ ሁሉንም በጽሑፍ ይላል መሰለኝ።»

«መሰለህ ወይስ ታውቃለህ?»

አላምረው ሕጉን አላነበበውም። የቻይናን ነገር ሲያነብ የአገሩን ሕግ መቼ አየው!

«ይህ ወረቀት ግልባጩ ለየሻው ይደርሳል፤ አይደል?» አለ አያ በላቸው። «ታዲያ ጦሬን ለባላጋራዬ በእጄ ልላክለት? አንዲት ነገር አለችኝ አላምረው። ሦስት ሰው ነበር የሚያውቃት፤ አባታችን፣ የአባታችን የንስሐ አባት፣ እኔ። ሁለቱ ሞተዋል። የሻው ይህን ወረቀት ሰምቶ፣ ረታሁ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ይምጣ። ያኔ እነግረዋለሁ።»

አላምረውም አልገፋበትም። ለምን ቢባል፣ ጽሑፉን ደግሞ ሲያነበው አማረው። አማረው ነው የምላችሁ! የባላጋራን ቃል ከባላጋራው አሳምሮ የሚናገር፣ ከዚያ አፋፍ ላይ ደርሶ ቆም የሚል። እነዚያ ደቀ መዛሙርት የመምህራቸውን ቃል ሲጽፉ የተሰማቸው ይህ ነው ብሎ አሰበ። ለንግግሩም ምሳሌ አድርጎ ሊያቀርበው ወሰነ። አጎቱ አሻራውን የሚያሳርፍበትን ቦታ ከታች ክፍት ተወለት።

ሰኞ ጽሑፉን ይዞ ወደ ሸሪፍ ሄደ። ሸሪፍ ፒያሳ በረንዳ ላይ በታይፕ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ከአላምረው ጋር በአንድ ክፍል የተማረ ወዳጁ ነው። ሦስት መስመር መታና ጣቶቹን አነሳ።

«አላምረው፣ ይህ የከሳሽ ነው የተከሳሽ?»

«የተከሳሽ ነዋ! የአያ በላቸው ነው። መጀመሪያ ያምንለታል፣ ኋላ ይገለብጠዋል።»

ሸሪፍ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አየው። «መገለበጫው የት አለ?»

«ችሎት ላይ በቃሉ ይናገረዋል።»

«ወንድሜ፣ ዛሬ በጽሑፍ ያመንከው አመንክ ነው፤ በጽሑፍ ያላነሳኸውን ችሎት ላይ አልሰማም ይሉሃል። እኔ በየቀኑ የማየው ነው። እባክህ አንዲት መስመር ልጨምር፤ ‹ከዚህ በላይ የተባለው ለክርክር ያህል ነው እንጂ ክሱን ክጃለሁ፤ መሬቱ የእኔ ነው›። አንዲት መስመር ብቻ።»

አላምረው ፊቱ ቀላ። «ታበላሸዋለህ» አለ። «ይህ እንደ ሁልጊዜው ማመልከቻ አይደለም፤ ድርሰት ነው። ይህ አጻጻፍ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት…»

«ሰው ዳኛ ፊት ድርሰት ይዞ አይቀርብም» አለ ሸሪፍ። «እነዚያስ የምትላቸው ሰዎች ሬጅስትራር ነበራቸው?»

«አንተ ምታው ብቻ።»

ሸሪፍ አንገቱን ነቅንቆ መታው። አያ በላቸውም ከታች አሻራውን አሳረፈ። አንዲት መስመር! ያቺ አንዲት መስመር ስንት ቃል ናት? አላምረው ኋላ ቆጥሯታል፤ በየቀኑ ቆጥሯታል።

ቀጠሮው የካቲት ላይ ዋለ። አያ በላቸው አዲስ ኩታ ለብሶ፣ ዘንጉን ቀብቶ መጣ። ከኮሶዬም ከዳባትም ሊሰሙት የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ «ዛሬ ለራሱ ነው የሚቆመው፤ ዛሬ ጉድ ይሰማል» እያሉ። ዳኛው መነጽር ያደረገ፣ ፋይል የተቆለለበት ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ጽሑፉን አንስቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ያ አያ በላቸው ሲናገረው አገር የሚያስደምም ቃል፣ ከዳኛው አፍ ሲወጣ ሌላ ነገር ሆነ። በየ«ይሁን» ላይ ይለሰልስ የነበረው ድምፅ የለም። የሚንቀሳቀስ ዘንግ የለም። ባዶ ቃሉ ብቻ፣ አንዱ ከአንዱ ጋር ተሰልፎ፣ መሬቱን ለየሻው እያስረከበ ሄደ።

«አሻራው ያንተ ነው?» አለ ዳኛው።

«የእኔ ነው።»

«አባትህ መሬቱን በፈቃዱ መስጠቱን አምነሃል።»

አያ በላቸው ዘንጉን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ። ሊሰሙት የመጡት ሰዎች ወደ ፊት ተጠጉ። «ነገር ግን…» አለ።

«ቆይ» አለው ዳኛው። «በጽሑፍህ ያላነሳኸውን አሁን ማንሳት አትችልም። ያመንከውንም መካድ አትችልም። ሕጉ ነው።»

«ጌታዬ፣ ምላሼን ገና አልተናገርኩም።»

«ምላሽህ ይኸው እጄ ላይ ነው።»

አያ በላቸው ዙሪያውን ተመለከተ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይህ ነው። ዳኛውም አዘነለት መሰለኝ፣ መነጽሩን አወለቀና እንዲህ አለ፤ «ጸሐፊው ቃሌን አዛብቶብኛል የምትል ከሆነ ተናገር። አጣራለሁ። የጻፈልህ ማን ነው?»

አያ በላቸው ዞሮ አላምረውን አየው። አላምረው ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ብድግ ብሎ «እኔ ነኝ፤ ጨምር የተባልኩትን መስመር እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ቢል ምን ነበረበት? ሰው ያየዋል። ዳኛው ይቆጣዋል። ርእሰ መምህሩ ይሰማ ይሆናል። ይኸው ነው! ለዚህ ነው ያልተነሳው። አይ አላምረው! አገር በሚያህል አጎቱ ፊት አንገቱን ደፋ።

አያ በላቸው ወደ ዳኛው ተመለሰ። «ጸሐፊው አልተሳሳተም» አለ። «ቃሉ ከአፌ የወጣ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።»

ለየሻው ተፈረደ። የሻው ራሱ አልሳቀም። ሲወጣ በአያ በላቸው አጠገብ አልፎ፣ አንገቱን አቀርቅሮ ሄደ።

ሸሪፍ ይግባኝ እንበል አለ። ምንም እንኳ ተስፋው የመነመነ ቢሆን ያቺን የተደበቀች ነገር ጽፈን እንሞክር አለ። አላምረውም አጎቱ እግር ላይ ወድቆ ለመነው። «ይንገሩኝ አያ! ምንድን ነበረች? አሁንም ብትሆን ልጻፋት!»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልትለኝ ነው?» አለ አያ በላቸው። «ከተረቱ ወዲያ የሚነገር ምላሽ ምላሽ አይደለም፤ ሐሜት ነው። በላቸው የሞተ አባቱንና የሞተ ቄስ ምስክር ጠርቶ፣ ከችሎት ውጭ ባላጋራውን አማ አልባልም።» ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አላለም።

ግንቦት ላይ፣ ለክረምቱ ከመታረሱ በፊት፣ መሬቱ ለየሻው ተሰጠ። እናኑ ከቤቱ የምታወጣው ብዙም አልነበራት፤ ሁለት ድስት፣ ቁርበቷን፣ የአባቷን ጋሻ። ከኮሶው ዛፍ ሥር ቆማ፣ ልጇ ማኪና ይዞ እስኪመጣ፣ ግንዱን ደጋግማ በእጇ ትዳብስ ነበር። ሁለቱም ጎንደር ገብተው ከአላምረው ሁለት ክፍል አንዱን ያዙ።

አያ በላቸው በረንዳው ላይ ይቀመጣል። መንገደኛው «እንደምን ዋልክ አያ?» ሲለው «እግዜር ይመስገን» ይላል፤ ከዚያ ሌላ ቃል የለውም። ኮሶዬ እያለ ለነገር የሚመጣበት ሰው ያሰለቸው ነበር። አሁን የሚመጣ የለም። የተረታ ተከራካሪ ማን ይይዛል!

አንድ ቀን ከሰዓት አላምረው ሊናዘዝ ቆረጠና አጠገቡ ተቀመጠ።  «አያ፣ ሸሪፍ ያን ጊዜ አንዲት መስመር ልጨምር ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።»

«አውቃለሁ» አለ አያ በላቸው። «የቀጠሮው ቀን ጧት ሸሪፍ ፍርድ ቤቱ ደጅ ያዘኝ። ‹ሳይመሽብዎ ለዳኛው ይንገሩ፣ ጽሑፉ ጎደሎ ነው ይበሉ› አለኝ።»

«ታዲያ ምን አሉት?»

«‹ከአላምረው ይበልጥ ታውቃለህ?› አልኩት።»

 ቢቆጣው፣ ቢረግመው ይሻል ነበር። አላምረው ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደና እንደ ሴት ልጅ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። አሳዳጊው በእሱ እጅ ጠፋ፤ ይህንንም የሚፍቅለት ነገር እንደሌለ ያን ቀን ተረዳ።

ያ የተመዘገበ ንግግር ግን አልቀረም። ከአንዴም ሁለቴ ሲተላለፍ ቆይቶ በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ዋለ። አላምረው ሊሰርዘው ፈልጎ ነበር፤ ርእሰ መምህሩ እንቢ አለ። በዚያን ቀን አያ በላቸው ሳይጠራ፣ ኩታውን አደግድጎ መጣና ከተማሪዎቹ ኋላ ተቀመጠ።

አላምረው ሁሉንም ተናገረ። የነገሥታቱን ጦርነት፣ የሚዞሩትን ሰዎች፣ ቃል ቀስ በቀስ ወደ ጽሑፍ እንዴት እንደተዛወረ፣ የባላጋራን ሐሳብ አስቀምጦ ማፍረስ እንዴት ጥበብ እንደሆነ ተናገረ። በአጎቱ ጽሑፍ ምሳሌ ሊሰጥበት ያሰበው ቦታ ላይ ሲደርስ ዘለለው። ድምፁም የራሱ አልመስለው አለ። የአምስቱን ጋሪ ሰው ነገርም ተናግሮ ጨረሰ።

አንዲት ተማሪ እጇን አነሳች። «ጋሼ፣ ያ አምስት ጋሪ የጻፈው ሰውዬ ለባላጋራው ምን ብሎ ነበር የሚመልሰው?»

አላምረው አፉን ከፈተ። ከኋላ ያን የለመደውን ፊት አየ። «አይታወቅም» አለ። «የተረፈልን ባላጋራው የጻፈለት ብቻ ነው።»

አያ በላቸው ዘንጉን ተመርኩዞ ተነሳና ቀስ ብሎ ወጣ። አላምረው ከንግግሩ በኋላ ሮጦ ሲደርስበት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ዋርካ ሥር ቆሞ አገኘው። «ያ ሰው» አለው አያ በላቸው፣ «ያ ባለ አምስት ጋሪው፣ እኔ ሳልሻለው አልቀርም። እሱ ጽፎ ነው የጠፋበት፤ የእኔዋ ገና በሆዴ ናት።» 

ጥር ላይ ሞተ። ሳልም አልነበረውም፣ ትኩሳትም አልነበረውም፤ ምግብ እንቢ አለ፤ አንድ ሳምንት ተኝቶ አለፈ። አላምረው እስከ መጨረሻው ሰዓት ጆሮውን ወደ አፉ አስጠግቶ ነበር። ምንም አልሰማም። ሬሳውን በጭነት ማኪና ወስደው ኮሶዬ ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። ከቅጥሩ ሆኖ የሚያይ ሰው ያ የኮሶ ዛፍ ይታየዋል፤ ሥሩ በየሻው በሬዎች ታርሶ ገብስ ቆሞበታል።

ከአርባው በኋላ እናኑ ከወንድሟ ትራስ ሥር ያገኘችውን አንድ ጨርቅ ይዛ ወደ ልጇ መጣች። በጨርቁ ውስጥ ያ ወረቀት አለ፤ የመከላከያው ግልባጭ፣ ከነአሻራው።

«ምን እንደሆነ ባላውቅም የእሱ ነገር መሰለኝ» አለችው። «በላቸው ችሎት ሲቆም አንድ ቀን ሳልሰማው ሞተ። ሴት ነሽ ተቀመጪ እያሉኝ። አንብብልኝ፤ ቃሉን ልስማው።»

«እማዬ፣ ይቅርብሽ።»

«አንብብ ብዬሃለሁ!»

አነበበላት። «ይሁን ልበልህ የሻው…» ሲል እናኑ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች፤ ወንድሟን አወቀችው። «ይሁን» በተባለ ቁጥር አንገቷን ትነቀንቃለች። የአባቷ ጎታ መቃጠል ሲነሳ እንባዋ ወረደ። መሬቱ ሲሰጥ፣ ሲፈቀድ፣ ሲታመን ግን አልደነገጠችም፤ የበላቸውን አካሄድ አገር ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች፣ ኋላ እንደሚገለብጠው እርግጠኛ ናት። «የአባት ቃል በልጅ አይፈርስም» ብሎ አላምረው ዝም ሲል እሷ ገና ጆሮዋን ሰጥታ ትጠብቃለች።

«እሺ፣ ቀጥል» አለችው።

«አበቃ እማዬ።»

«እንዴት ይበቃል? በላቸው ‹ነገር ግን› ሳይል?» አለች። «ጀርባውን እየው እስቲ።»

ጀርባው ባዶ እንደሆነ ያውቃል። ግን እናቱ እያየችው ነው፤ ወረቀቱን ገለበጠላት።